ደንበኛ ቫይረስ ላካችሁብን ሲል፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ ፋይል ላይ የተደረገ ውይይት

የውይይቱን ክር የከፈተው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለድርጅቶች ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ ባልደረባ ነው። ቢሮው በየወሩ ለአንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) በኤክሴል ያዘጋጃል፤ ፋይሉ ማክሮ፣ ማለትም በውስጡ የተጻፈ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ አለው። ኔትወርክ ካለ በኢሜይል ይሄዳል፣ ከጠፋ በፍላሽ ተጭኖ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይወርዳል። በዚህ ወር የፋብሪካው ኮምፒውተር ፋይሉን ገና ከፍላሽ ሲገለበጥ ነጥቆ አስቀረው፤ የፋይናንስ ክፍሉም ቫይረስ ላካችሁብን ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ያው ፋይል ቢሮው ውስጥ ሲከፈት ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ጠያቂው የፈለገው ከሦስቱ አንዱን ነበር፦ ደንበኛው አንቲቫይረሱን ለጊዜው ያጥፋ፣ ፋይሉ በፓስወርድ ዚፕ ተደርጎ ይላክ፣ ወይስ ችግሩ የደንበኛው አንቲቫይረስ ነው? ደመወዝ መክፈያ ቀን ደርሷልና ቶሎ መልሱልኝ ብሏል።

1ኛው መልስ በትህትና የጀመረ ነው። ወንድማችን ብሎ ጠርቶ፣ መልስ ከመስጠት በፊት የማስጠንቀቂያው ሙሉ ስም እንዲመጣ ጠየቀ። ደንበኛው ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብቶ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ የሚለውን ይክፈት፣ ቀኑን አይቶ መስመሯን ይጫን፣ ከዚያ ሦስት ነገር በፎቶ ይላክ፦ የተገኘው ነገር ስም፣ ፋይሉ የተያዘበት አድራሻ፣ የተወሰደው እርምጃ። አድራሻው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የተያዘው የፔይሮል ፋይሉ ነው ወይስ አብሮት ፍላሹ ላይ የነበረ ሌላ ነገር የሚለው እዚያ ላይ ይታያል።

2ኛው ይህን ሁሉ አላስፈላጊ ድካም አለው። ሪልታይም ፕሮቴክሽን (የአንቲቫይረሱ የማያቋርጥ ጥበቃ) ይጥፋ፣ ፋይሉ ይከፈት፣ መልሶ ይብራ፤ በቃ። እዚህ አገር ያለ ኮምፒውተር ሁሉ በክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ በሚያነቃ መሣሪያ) ምክንያት ይጮኻል ባይ ነው።

3ኛው ጠንከር ብሎ መለሰለት። ማክሮ የሚሠራው ፋይሉ በሚከፈትባት ቅጽበት ስለሆነ፣ መልሶ ማብራቱ የሚመጣው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላው ነጥቡ ከቴክኒክ ውጭ ነው፤ ደንበኛን ጥበቃህን አጥፋ ብሎ በስልክ ያዘዘ ሰው፣ በሚቀጥለው ወር እዚያ ድርጅት ፋይል ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔም በዚህ ከ3ኛው ጋር ነኝ፤ 2ኛው የመከረው ክሩ ውስጥ ከተባለው ሁሉ አደገኛው ነው።

4ኛው መልስ ክሩን መስመር አስያዘው። ሰዎች በአንድ ቃል ማስጠንቀቂያ የሚሉት ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ነው አለ። አንደኛው ስማርትስክሪን ነው፤ ሰማያዊ መስኮት አውጥቶ ዊንዶውስ ኮምፒውተርህን ጠበቀ ይላል፤ ይህ ቫይረስ አገኘሁ ማለት ሳይሆን የፕሮግራሙን አሳታሚ አላውቀውም ማለት ነው። ሁለተኛው ኤክሴል ወይም ዎርድ አናት ላይ የሚመጣው ቢጫ መስመር ነው፤ ኢኔብል ኤዲቲንግ ወይም ኢኔብል ኮንቴንት የሚል ቁልፍ አለው። ሦስተኛው ቀዩ መስመር ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ ጨርሶ ሲዘጋ የሚያሳየው ሲሆን መፍቀጃ ቁልፍ የለውም። አራተኛው ብቻ ነው እውነተኛ የአንቲቫይረስ ግኝት፤ ስም አለው፣ ፋይሉም ወደ ኳራንቲን (አንቲቫይረሱ ለይቶ ወደሚቆልፍበት ቦታ) ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከየት መጣህ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። አራተኛው ውስጥህ ምን አለ ብሎ ፈትሾ ያገኘ ነው። የጠያቂው ፋይል ተነጥቆ ከቀረ አራተኛው ስለሆነ በቁልፍ የሚታለፍ ነገር የለም ብሎ ዘጋ።

5ኛው በ4ኛው ላይ የጨመረው አጭር ቢሆንም ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ላይ የማይታይ ማህተም ያደርጋል፤ ቀዩ መስመር የሚመጣው ያንን ማህተም አይቶ ነው። ማህተሙ የሚቀመጠው ግን ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ በሆነ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆነ፣ ፋይሉ በፍላሽ ሲያልፍ ማህተሙ ይወድቃል። ስለዚህ ያው የፔይሮል ፋይል በኢሜይል ሲደርስ ቀይ ያሳያል፣ በፍላሽ ሲደርስ ግን ቢጫ ብቻ፤ አንድ ጠቅታ ከተደረገለት ማክሮው ይሮጣል። በኢሜይል እየከለከለ በፍላሽ የሚያልፈው ፋይሉ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም።

6ኛው ወሬውን ወደ ፍላሽ ወሰደው። አብሽሩ ያ ጀማዓ ብሎ ጀምሮ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፍላሽ የሚበከለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው አለ። አንድ ገጽ ለማተም የገባ ፍላሽ ሲወጣ ፎልደሮቹ ሁሉ የቀስት ምልክት ያለባቸው ሾርትካት ሆነው ይገኛሉ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትካቱን ሁለቴ መጫን ነው ቫይረሱን የሚቀሰቅሰው። መፍትሔው ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ በአትሪብ ትእዛዝ ኤች፣ ኤስ እና አር የሚሉትን ሦስት ምልክቶች በመቀነስ ማንሳት፣ ኤስ እና ዲ የሚሉትን በስላሽ ጨምሮ በውስጥ ላሉ ፎልደሮችም እንዲሠራ ማድረግ፣ ከዚያ ሾርትካቶቹንና ቪቢኤስ የሚል መጨረሻ ያላቸውን ፋይሎች መሰረዝ ነው።

7ኛው ቅደም ተከተሉን አረመ። መጀመሪያ የሚጸዳው ኮምፒውተሩ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ደብሊውስክሪፕት የሚባለው የስክሪፕት ማስኬጃ እየሮጠ ከሆነ ፍላሹ በተጸዳ በሰከንድ ውስጥ መልሶ ይበከላል፤ ስለዚህ እሱን አስቁሞ፣ ስታርታፕ ፎልደር ውስጥ ያለውን ስክሪፕት ሰርዞ፣ ሙሉ ስካን አድርጎ ነው ወደ ፍላሹ የሚኬደው። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ፋይሎቹን ሁሉ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ ሰው ባዶ መስሎት ፎርማት ያደርገዋል፣ ሥራውም አብሮ ይጠፋል።

8ኛው ወደ ዋናው ጥያቄ ተመልሶ በፓስወርድ ዚፕ አድርገህ ላክ፣ ማንም አይነካውም አለ። 9ኛው ተቆጣ። የማይነካው ስለማያየው ነው፤ የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ አንቲቫይረስ መግባት አይችልም። ተንኮለኞች የተበከለ ሰነድ ቆልፈው ፓስወርዱን ኢሜይሉ ላይ ጽፈው የሚልኩት ለዚሁ ነው። የሒሳብ ቢሮ ደንበኛውን ይህን ካስለመደው፣ ነገ በቢሮው ስም የሚመጣ የተቆለፈ ፋይል ሁሉ ያለ ጥያቄ ይከፈታል። ቃሉ ሻካራ ነበር፣ 8ኛውንም አላዋቂ ብሎታል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

10ኛዋ ሁለቱን አስታረቀች። ፔይሮል የሠራተኛ ስም፣ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስለያዘ መቆለፍ አለበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ ክፍት አድርጎ በቴሌግራም መወርወር አይገባም። ነገር ግን መቆለፍ ሚስጥር ለመጠበቅ ነው እንጂ ከፍተሻ ለማምለጥ አይደለም። ከመቆለፉ በፊት ላኪው ይፈትሽ፣ ከተፈታ በኋላ ተቀባዩ ይፈትሽ። ሰቨንዚፕ በሚባለው የዚፕ ፕሮግራም ሲሠራ የምስጠራው ዓይነት ኤኢኤስ-256 ይሁን፤ ዚፕክሪፕቶ የሚለው ደካማ ነው። ኤኢኤሱን የዊንዶውስ የራሱ መክፈቻ ስለማይፈታው ደንበኛውም ሰቨንዚፕ ያስፈልገዋል። በዚፕ ቅርጽ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም በውጭ ይነበባል፤ የሠራተኛ ስም በፋይል ስም ላይ አይጻፍ። ፓስወርዱ በስልክ ይነገር።

11ኛው ስለ ሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ ስለሚወጣ መለያ ኮድ፣ አመጣ። ላኪው ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በሰርትዩቲል፣ ወይም ፓወርሼል ላይ በጌት-ፋይልሃሽ የፋይሉን ሻ-256 ያውጣ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል። ተቀባዩም ያውጣ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ፋይሉ መንገድ ላይ አልተነካም። ፍላሹ በስንት እጅ አልፎ ለሚደርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

12ኛው አመስግኖ ሁለት ነገር አስተካከለ። ሃሽ መመሳሰሉ ፋይሉ አልተለወጠም ማለት እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ቢሮው ውስጥ የተበከለ ፋይል ኮምቦልቻም ሲደርስ ሃሹ ያው ነው። ሃሹም ከፋይሉ ጋር በአንድ ፍላሽ ከተጻፈ ዋጋ የለውም፤ ፋይሉን የለወጠ ሃሹንም ይለውጣል። ፋይሉ በፍላሽ ከሄደ ሃሹ በኤስኤምኤስ ይሂድ።

13ኛው ፋይሉን ቫይረስቶታል (ፋይልን በብዙ አንቲቫይረስ የሚፈትሽ ድረገጽ) ላይ ጫነውና ስንቱ እንደሚይዘው እይ አለ። 14ኛው አትጫን ብሎ በጥድፊያ ጻፈ። እዚያ የተጫነ ፋይል ለደህንነት ድርጅቶች ይጋራል፤ ከፍለው የተመዘገቡም ሊያወርዱት ይችላሉ። የሰው ደመወዝ እዚያ አይጫንም። ሃሹን ብቻ ወስዶ መፈለጊያው ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ፋይሉን ቀድሞ የጫነ ሰው ካለ ውጤቱ ይወጣል፣ ከሌለ ምንም አልተገኘም ይላል፤ ያ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከ70 ገደማ ፈታሾች አንድ ሁለቱ ብቻ ከያዙት ስሙን ማንበብ ነው፤ ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ በሰጠው ስም መጨረሻ ላይ ኤምኤል የሚል ካለ በማሽን ግምት የተያዘ ስለሆነ የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። የታወቀ የዝርያ ስም ከሆነ ግን ግምት አይደለም።

በ15ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ደንበኛው ፎቶውን ልኳል። የተገኘው ኤክስ97ኤም ላሩ የሚባል ነው፤ የተያዘውም በአሮጌው ኤክስኤልኤስ ቅርጽ የተቀመጠው የፔይሮል ፋይል ራሱ ነው። ደንበኛው ልክ ነበር።

16ኛው የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ረጅምም ነው። ላሩ እ.ኤ.አ. በ1996 የተገኘ የኤክሴል ማክሮ ቫይረስ ነው። የተበከለ ፋይል ማክሮ ተፈቅዶለት ሲከፈት ፐርሰናል የሚባል መዝገብ ኤክስኤልስታርት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ኤክሴል በተነሳ ቁጥር እዚያ ያለውን ሁሉ ስለሚከፍት፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር የተነካ የኤክሴል ፋይል በየተራ ይበከላል። የሚያጠፋው ነገር ስለሌለ ዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። አጸዳዱን እንዲህ አስቀመጠ። ኤክሴል ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ኤክስኤልስታርት ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ በተጠቃሚው አፕዳታ ሥር፣ ሌላው ኦፊስ በተጫነበት ፎልደር ሥር፤ ሁለቱም ይታዩ፣ ሰው አውቆ ያላስቀመጠው ፐርሰናል ካለ ይነሳ። ሙሉ ስካን ይደረግ። ከዚያ ትረስት ሴንተር በሚባለው የኤክሴል የደህንነት ቅንብር ውስጥ ማክሮ ሁሉ ይፈቀድ የሚለው ተመርጦ ከሆነ ይቀየር፤ የፔይሮል ማክሮ በየጊዜው ሲጠይቅ ያሰለቸው ሰው ይህን ከፍቶ ይረሳዋል፣ በሩ የተከፈተውም በዚያ ነው።

የፔይሮል ፋይሉን በተመለከተ፣ አንቲቫይረስ ሲያጸዳው የቢሮውን ማክሮም አብሮ ሊጠርገው ስለሚችል ቀድሞ ግልባጭ ይያዝ። ማክሮ ተዘግቶ ፋይሉ ይከፈትና በኦልት ኤፍ11 ወደ ማክሮው መጻፊያ ይገባ፤ የቢሮው የሆነው ሞጁል ብቻ ኤክስፖርት ይደረግና በኖትፓድ መስመር በመስመር ይነበብ፤ ኦቶ ኦፕን እና ቼክ ፋይልስ የሚሉት የላሩ ናቸው። ከዚያ በአዲስ ባዶ መዝገብ ላይ ተጭኖ በኤክስኤልኤስኤም ይቀመጥ። አሮጌው ኤክስኤልኤስ ማክሮ ይኑረው አይኑረው ከስሙ አይለይም፤ ኤክስኤልኤስኤክስ ግን ማክሮ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ማክሮውን ቢሮው ለስሌት ይጠቀምበት፣ ለደንበኛው የሚሄደው ግን ውጤቱ ብቻ በኤክስኤልኤስኤክስ ይሁን ብሎ ጨረሰ። ይህ የመጨረሻው ምክር ብቻውን የክሩን ግማሽ ጥያቄ ይመልሳል፤ ፋብሪካው ክፍያ ለመፈጸም ማክሮ አያስፈልገውም።

17ኛው የቢሮው አንቲቫይረስ ለምን ዝም አለ የሚለውን ያዘ። ሁለት ምክንያት ገመተ፤ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ አርጅቷል። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ኤይካር የሚባለውን 68 ፊደል ያለው የመፈተሻ ጽሑፍ ኖትፓድ ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ነገር ግን የሚሠራ አንቲቫይረስ ሁሉ ወዲያው ሊይዘው ይገባል። ካልያዘው ጥበቃ የለም። ማርጀቱን ለማወቅ ፕሮቴክሽን አፕዴትስ ላይ ያለውን ቀን ማየት ነው። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ አንድ ሰው ኔትወርክ ካለበት ቦታ ኤምፓም-ኤፍኢ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፋይል፣ ለ64 ቢት የሚሆነውን መርጦ ቢያወርድ፣ በፍላሽ ይዞ ለቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ መጫን ይችላል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ አንዴ ወርዶ ለሁሉም ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ ደራርቦ መጫን ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሌላ ሲጫን ዲፌንደር ራሱን ያገላል፣ የተጫነው ጊዜው ሲያልፍበት ደግሞ ሰው ተጠብቄያለሁ እንዳለ ይቀመጣል።

ከ18ኛው እስከ 20ኛው ስለ ክራክ ጭቅጭቅ ነው። 18ኛው ዲፌንደር የጠፋው ኦፊሱን ያነቃው ክራክ መጀመሪያ አጥፉኝ ስላለ ነው አለ። 2ኛው መላሽ ተመልሶ ኦርጂናል የሚገዛበትን ዶላር አምጡ አለ። አንዱ ሊብሬኦፊስ በነጻ አለ ሲል፣ ሌላው የኤክሴል ማክሮ እዚያ በትክክል አይሠራም አለው። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፤ ዘለፋው ግን ለማንም አልጠቀመም።

21ኛው ለመሐንዲሶች የጻፈው ከርእሱ ትንሽ ቢወጣም በሥዕል ሥራ ለሚተዳደር ሁሉ የሚጠቅም ነው። አውቶካድ ሥዕል ሲከፍት በሥዕሉ ፎልደር ውስጥ አካድ ወይም አካድዶክ የሚል ስም ያለው የሊስፕ ፋይል (ለአውቶካድ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም) ካገኘ ራሱ ይጭነዋል። ቫይረሱ በዚህ ነው የሚተላለፈው፤ ሰው ሙሉውን ፎልደር ዚፕ ሲያደርግ የተደበቀው ሊስፕ አብሮ ይሄዳል። እንደ ኤክስፕሎድ ያሉ ትእዛዞች ድንገት መሥራት ካቆሙ እሱን መጠርጠር ነው። የሚላከው ሥዕሉ ብቻ ይሁን ወይም ኢትራንስሚት በሚባለው የአውቶካድ ማሰባሰቢያ ይሰብሰብ፤ ከ2014ቱ አውቶካድ ጀምሮ ያለው ሴኪዩርሎድ የሚባል ቅንብርም ዜሮ መሆን የለበትም።

22ኛው ፕሮግራም ሠሪ ነው፤ በፓይተን የጻፈው ንጹሕ ፕሮግራም በየደንበኛው ቫይረስ እየተባለ መቸገሩን አነሳ። 23ኛው በፓይኢንስቶለር አንድ ፋይል አድርጎ መጠቅለሉን ትቶ በፎልደር መልክ እንዲያወጣው፣ ዩፒኤክስ የሚባለውን መጭመቂያ እንዲያጠፋ መከረው፤ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞችም ያንኑ መጠቅለያ ስለሚጠቀሙ ነው መመሳሰሉ። ከዚህ አልፎ ከተያዘ ለማይክሮሶፍት የስህተት ግኝት ብሎ ናሙናውን በድረገጹ መላክ ነው። ደንበኛው ሙሉ ዲ ድራይቭን ከፍተሻ ውጭ እንዲያደርግ መጠየቅ ግን አይታሰብም።

ከዚያ ክሩ ወደ ከባዱ ጉዳይ ገባ። 24ኛዋ ለጠያቂው ግልጽ ጥያቄ አቀረበች፦ ይህ ኮምፒውተር ፋይል የላከው ለፋብሪካው ብቻ ነው? ላሩ ሁሉንም የኤክሴል ፋይል ስለሚነካ ያለፉት ወራት ፋይል የደረሳቸው ደንበኞች በሙሉ ሊነገራቸው ይገባል። 25ኛው ደንበኛ ይሸሻል፣ ዝም ብላችሁ አጽዱና እለፉ አለ። 26ኛው በንዴት መለሰ፤ የፋብሪካው ፋይናንስ ክፍል አውቆታል፣ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሌሎቹ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከቢሮው ቢሰሙት ይሻላል። ሳያውቁ መላክና አውቆ ዝም ማለት በሕግም አንድ እንዳልሆነ ጠቅሶ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አነሳ። እኔ በሕጉ ዝርዝር አልገባም፤ መንገር እንዳለበት ግን አልጠራጠርም። የሰው ፋይል እየተበከለ እያዩ ዝም ማለት ሙያ አይደለም።

27ኛው ለፋብሪካው የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ይያዝ ለሚለው አጭር ረቂቅ አቀረበ፦ የተገኘው ቫይረስ ስም፣ የተገኘበት ቀን፣ የትኞቹ ወራት ፋይሎች ሊነኩ እንደሚችሉ፣ ቢሮው ምን እንዳጸዳ፣ የአዲሱ ፋይል ሃሽ፣ ደንበኛው የራሱን ኤክስኤልስታርት እንዲያይ ማሳሰቢያ፣ የሚደወልለት አንድ ሰው ስልክ። ይቅርታ በአንድ መስመር ይበቃል ብሏል። ለወደፊቱም ለዚህ ደንበኛ ብቻ የሚሆን፣ ምልክት የተደረገበት አንድ ፍላሽ ይመደብ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አይግባ፤ የሚታተም ነገር ካለ በሌላ ፍላሽ ፒዲኤፍ ሆኖ ይሂድ። ከኮምቦልቻ ሲመለስ ኦቶፕሌይ (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳው) በጠፋበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይከፈት፤ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ ይፈተሽ።

በ28ኛው ጠያቂው አመሰገነ። ኤይካሩን ሞክሮ ቢሮው ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ ዝም እንዳለ፣ ፐርሰናል የሚለውም ፋይል እዚያው እንደተገኘ ጻፈ። ደመወዙ በኤክስኤልኤስኤክስ ሄዶ አልፏል። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶታል፦ የፋብሪካው የጣት አሻራ ማሽን የተያያዘው ዊንዶውስ 7 ካለው ኮምፒውተር ጋር ነው፣ የማሽኑ ፕሮግራም በአዲስ ዊንዶውስ አይሠራም፣ የሠራተኛ የመግቢያ ሰዓት የሚመጣለት ከዚያ ነው።

29ኛው ዊንዶውስ 7 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ እንዳበቃ፣ ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔትም ከቢሮው ኔትወርክም ተነቅሎ ብቻውን ይቀመጥ አለ። 30ኛው የተሻለ መንገድ አሳየ። ብዙዎቹ የአሻራ ማሽኖች በጎናቸው የፍላሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ከሜኑው የመገኘት መዝገብ ይውረድ የሚለው ሲመረጥ በዳት የሚያልቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሰጣሉ። የሠራተኛው ቁጥርና ቀንና ሰዓቱ ብቻ ነው ያለበት፣ በኖትፓድ ይነበባል፣ ኤክሴልም ከዳታ ሜኑ ፍሮም ቴክስት በሚለው ያስገባዋል። ፍላሹ ከማሽኑ በቀጥታ ወደ ደሴ ይሂድ፤ አሮጌው ኮምፒውተር መሐል አይግባ።